በወገብ ቀዶ ሕክምና ነርቭ እንዳይጎዳ ምን ይደረጋል?

የጤና ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪም መልስ

የወገብ አከርካሪ ቀዶ ሕክምናን የተመለከቱ ደብዳቤዎች በተከታታይ ስለደረሱን የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። የጠያቂዎቹ አገርና ችግር የተለያየ ቢሆንም ስጋታቸው አንድ ነው፤ ሕመምን ለማስታገስ የገባ መሣሪያ ነርቭ ነክቶ የባሰ ጉዳት እንዳያመጣ ምን ጥንቃቄ ይደረጋል? የሚል ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ከወገቧ ተነስቶ እስከ ግራ እግሯ አውራ ጣት የሚወርድ ሕመም ከያዛት ሰባት ወር አልፏል። መድኃኒትም ፊዚዮቴራፒም ሞክራለች፤ ለውጥ የለም። በኤምአርአይ ሲታይ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ተንሸራትቶ ነርቭ ተጭኗል፤ ሐኪሟም ቀዶ ሕክምና እንደሚሻል ነግሯታል። ጎረቤትና ዘመድ ግን «ወገብ ከተነካ ሽባ መሆን አይቀርም» እያለ ስላስፈራት እንቢ ብላለች። እውነት አላቸው ወይ? ነርቭ እንዳይቆረጥስ ሐኪሞች ምን ያደርጋሉ? (ከአዲስ አበባ፣ ጉለሌ)

መልስ፦ የእናትዎ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም፤ ነገር ግን የሚፈራው ነገር በትክክል ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ኅብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው የሚያበቃው በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያሉት እንደ ፈረስ ጭራ ተዘርግተው የሚወርዱ የነርቭ ሥሮች ናቸው፤ ፈሳሽ በሞላበት ስስ ከረጢት ውስጥ ሆነው ይወርዱና በየደረጃቸው እየወጡ ወደ እግር፣ ወደ ሽንት ፊኛና ወደ ፊንጢጣ ያመራሉ። ስለዚህ የእናትዎ ቀዶ ሕክምና በሚደረግበት ቦታ ኅብለ ሰረሰሩ የለም፤ ጎረቤት የሚያወራው የሁለት እግር ሽባነትም በዚያ ደረጃ በሚደረግ የዲስክ ቀዶ ሕክምና እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የሚደርስ ነው። ሊጎዳ የሚችለው ባብዛኛው አንድ የነርቭ ሥር ነው። በእናትዎ ሁኔታ ይህ አምስተኛው የወገብ ነርቭ ሲሆን ሥራው እግርን ከቁርጭምጭሚቱና አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሳት ነው፤ ከተጎዳ ሰው ሲራመድ የእግሩ ጫፍ መሬት ይጎትታል። ይህን ቀላል ጉዳት ነው ብዬ ላሳንሰው አልፈልግም።

ነርቭን የመጠበቁ ሥራ የሚጀምረው ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ በእኔ እምነት ትልቁ ክፍሉም ይኸው ነው። ምንም ሕመም የሌለው ጎልማሳ ኤምአርአይ ቢነሳ እንኳ ያበጠ ወይም የተንሸራተተ ዲስክ ሊገኝበት ይችላል። በመሆኑም ፊልሙ ብቻውን አይበቃም፤ በሽተኛዋ የምትናገረው ሕመም፣ ሐኪሙ በእጁ መርምሮ ያገኘው ድክመትና በምስሉ ላይ የሚታየው ጫና ሦስቱም ወደ አንድ ነርቭ ማመልከት አለባቸው። የእናትዎ ሕመም እስከ አውራ ጣት መውረዱ ከአምስተኛው ነርቭ ጋር ይስማማል። ሐኪሙ ጫማቸውን አስወልቆ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ በእጁ እየተቋቋመ መፈተሽ፣ በተረከዛቸውና በእግራቸው ጣቶች ቆመው እንዲራመዱ ማድረግ፣ የእያንዳንዱን ጡንቻ ኃይል ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ በካርዳቸው ላይ መጻፍ ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ ከሌለ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታየ ድክመት አዲስ ይሁን የቆየ ማንም ሊያውቅ አይችልም። በሽተኛን ሳይነካ ፊልም ብቻ አይቶ ቀጠሮ የሚሰጥ ሐኪም ካጋጠመዎት ሌላ ሐኪም ማማከር መብትዎ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ደረጃን አለመሳት ነው። አብዛኛው ሰው አምስት የወገብ አጥንት ቢኖረውም በአንዳንዱ አምስተኛው ከታችኛው የዳሌ አጥንት ጋር ተጣብቆ፣ በሌላው ደግሞ የዳሌው የመጀመሪያ አጥንት ተለያይቶ ስድስተኛ መስሎ ይገኛል። እንዲህ ባለው ሰው ላይ ኤምአርአዩን ያነበበው ባለሙያ ከላይ ወደ ታች፣ ቀዶ ሐኪሙ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ቢቆጥሩ ሁለቱ የተለያየ ቦታ ላይ ይደርሳሉ፤ ውጤቱም ጤነኛ ነርቭ ያለበትን ቦታ ከፍቶ የታመመውን እንዳለ መተው ይሆናል። ይህ እንዳይሆን በሽተኛዋ በሆዷ ከተኛች በኋላ መርፌ ተደርጎ የራጅ ምስል ይነሳል፤ አጥንቱ ሲጋለጥም መሣሪያ ተደርጎበት በድጋሚ ይነሳል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት መላው ቡድን ቆም ብሎ የበሽተኛውን ማንነት፣ የሚሠራውን ቀዶ ሕክምናና ቦታውን ጮክ ብሎ እንዲያረጋግጥ የሚጠይቀው ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት ጭምር ነው። ጊዜ የሚያባክን ሥርዓት የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን ከማንኛውም ውድ መሣሪያ አሳንሼ አላየውም።

አተኛኘቱም ከነርቭ ደኅንነት ጋር የተያያዘ ነው። ሆድ በጠረጴዛው ላይ ከተጫነ በአከርካሪው ቦይ ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች በደም ይወጠራሉ፤ ሲነኩም ይደማሉ፤ በደም በተሸፈነ ቦታ ደግሞ ነርቭን ከሌላው አካል መለየት ያዳግታል። ስለዚህ ደረትና ዳሌ በድጋፍ ላይ አርፈው ሆድ ነጻ ሆኖ እንዲንጠለጠል ይደረጋል።

ወደ ውስጥ ሲገባ ቀዶ ሐኪሙ የሚሠራው በማይክሮስኮፕ ወይም በአጉሊ መነጽር ነው፤ ማይክሮስኮፕ ለዲስክ ቀዶ ሕክምና መዋሉ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተስፋፍቷል። ጡንቻው ከአጥንቱ ከተነሳ በኋላ በሁለቱ አጥንቶች መካከል የተዘረጋው ቢጫ ጅማት ይታያል፤ ነርቭ የያዘው ከረጢት ከዚህ ጅማት ሥር ወዲያው ይገኛል። በዚህ ቦታ አጥንትና ጅማት የሚነክሰው መሣሪያ ዝም ብሎ አይገባም። በመጀመሪያ ጫፉ ድፍንና ለስላሳ የሆነ ቀጭን መሣሪያ በጅማቱና በከረጢቱ መካከል ቀስ ብሎ እየተንሸራተተ የተጣበቀ ነገር አለመኖሩን ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ነካሹ መሣሪያ የጫፉን ጠፍጣፋ ጎን ወደ ከረጢቱ አድርጎ ይገባና ጥቂት ጥቂት እየነከሰ ይወጣል። ነክሶ መጎተት የለም፤ የተነከሰው ነገር በቀላሉ ካልተለቀቀ ሐኪሙ መሣሪያውን ከፍቶ ምን እንደያዘ ያያል። አጥንት በመሰርሰሪያ የሚሳሳ ከሆነም ወደ ነርቩ ሲቀረብ ሹል ጥርስ ያለው ጫፍ በአልማዝ ብናኝ በተለበጠ ጫፍ ይቀየራል፤ ሙቀቱ ነርቭ እንዳያቃጥልም ውኃ ያለማቋረጥ ይፈስበታል።

ቀጥሎ የነርቩ ሥር ጠርዝ በግልጽ መታየት አለበት። ነርቩ ሳይታወቅ ዲስክ አይቆረጥም፤ የዚህ ሥራ መሠረታዊ ሕግ ይህ ነው። ነርቩ ከታየ በኋላ በተለየ መያዣ ወደ መሐል ቀስ ተደርጎ ይገለላል፤ ረጅም ጊዜ ተወጥሮ መያዝ ራሱ ስለሚጎዳው በየመሐሉ ይለቀቃል። በአንዳንድ ሰው ሁለት የነርቭ ሥሮች ተጣምረው በአንድ ላይ ይወጣሉ፤ እንዲህ ያለው ነርቭ ወፍራምና የማይንቀሳቀስ ስለሆነ ልምድ ያለው ሐኪም ነርቩ እንቢ ሲለው አያስገድደውም፤ ተጨማሪ አጥንት አንስቶ ቦታ ያሰፋለታል እንጂ። ደም ሲመጣም ባልታየ ነገር ላይ የኤሌክትሪክ መተኮሻ አይደረግም፤ እርጥብ ጥጥ ተደርጎ ይጠበቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከረጢቱ ሊቀደድ ይችላል። በተለይ ቀድሞ በተከፈተ ወገብ ላይ ጠባሳው ከከረጢቱ ጋር ስለሚጣበቅ አጋጣሚው ይጨምራል። እዚያው ታይቶ ከተሰፋ ወይም ከተለጠፈ አብዛኛው ሰው ዘላቂ ጉዳት አይደርስበትም፤ ለጥቂት ጊዜ ራስ ምታትና የአልጋ እረፍት ሊያስከትል ይችላል። አደጋውን ዜሮ የሚያደርግ ሐኪም የለም፤ «ምንም አይሆኑም» ብሎ የሚምልልዎትን ባይሰሙት ይሻላል።

ለእናትዎ ውሳኔ ወሳኙ ጥያቄ ድክመት አላቸው ወይ? የሚለው ነው። ሕመም ብቻ ከሆነ መጠበቅም መሠራትም ተገቢ ምርጫዎች ናቸው፤ ውሳኔው የእሳቸው ነው። እግራቸው እየደከመ ከሆነ ግን ነርቩን እየጎዳው ያለው የተንሸራተተው ዲስክ ራሱ ነው፤ መዘግየትም የራሱ ዋጋ አለው። በዚህ መሐል ወገባቸውን ለወጌሻ እሽትና ጉተታ እንዳይሰጡ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፤ ዕድሜዬ 46 ነው። የወገቤ አጥንት ወደፊት ስለተንሸራተተ በብሎን ይታሰራል ተብያለሁ። ብሎን በነርቭ መሐል እንዴት ነው የሚገባው? ሕንድ ሄጄ ብሠራው የተሻለ ነው የሚሉኝም አሉ። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ብሎኑ በነርቮቹ መሐል አይገባም። የአከርካሪን የፊትና የኋላ ክፍል የሚያገናኝ፣ ሐኪሞች ፔዲክል የሚሉት በግራና በቀኝ ያለ አጥንታማ አንገት አለ፤ ብሎኑ የሚያልፈው በዚህ አንገት ውስጥ ነው። ጭንቀቱ ግን ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የነርቭ ሥሩ በአንገቱ የውስጥና የታች ግድግዳ ተጠግቶ ስለሚያልፍ ብሎኑ በእነዚህ ሁለት አቅጣጫዎች ግድግዳውን ከጣሰ ነርቩን ሊነካ ይችላል።

ለዚህ ሲባል ቀዶ ሐኪሙ አስቀድሞ በሲቲ ስካን ላይ የእያንዳንዱን አንገት ስፋትና ዘንበል ያለበትን አቅጣጫ ይለካል። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የመግቢያውን ነጥብ ካገኘ በኋላ ድፍን ጫፍ ባለው መሣሪያ መንገዱን በጥንቃቄ ይከፍታል፤ በመንገዱም ጫፉ ትንሽ ኳስ የመሰለ ቀጭን ሽቦ ያስገባና አራቱን ጎኖችና ወለሉን አንድ በአንድ ይዳስሳል። ደህና ግድግዳ በጣቱ ላይ ሻካራና ጠንካራ ሆኖ ይሰማዋል፤ የተበሳ ከሆነ ሽቦው ድንገት ለስላሳ ነገር ላይ ይገባል። ይህን ጊዜ ብሎኑን ከማስገባት ተቆጥቦ አቅጣጫውን ያስተካክላል። ይህ የእጅ ስሜት በዓመታት ሥራ የሚገኝ ስለሆነ ሐኪምዎን ይህን ቀዶ ሕክምና ምን ያህል ጊዜ እንደሚሠሩት መጠየቅዎ ነውር የለውም። ከዚያም በራጅ ከፊትና ከጎን ይታያል፤ በአንዳንድ ሆስፒታሎች መንገዱን በኮምፒውተር የሚመራ መሣሪያ አለ። በብሎኑ በኩል አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምት ልኮ የእግር ጡንቻ መነሳቱን የሚፈትሽ ዘዴም ይሠራበታል፤ ጡንቻው የሚነሳው ከ10 ሚሊ አምፔር በላይ ብቻ ከሆነ ብሎኑ በአጥንት እንደተከበበ ጥሩ ምልክት ነው፤ በጣም ዝቅ ባለ መጠን ከተነሳ ግን ግድግዳው ሳይጣስ እንዳልቀረ ተጠርጥሮ በድጋሚ ይዳሰሳል።

ከነቁ በኋላ ቀድሞ ያልነበረ፣ በአንድ መስመር የሚወርድ ብርቱ የእግር ሕመም ከተሰማዎት የቁስል ሕመም ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ወዲያው ሲቲ ስካን ተነስቶ ብሎኑ ነርቭ ተጭኖ ከተገኘ ቶሎ መስተካከሉ ነርቩን ሊያድነው ይችላል።

ወደ ውጭ መሄድን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከተጀመረ ወዲህ በአገር ውስጥ የሠለጠኑ ሐኪሞች ቁጥር አድጓል፤ የወገብ ብሎንም እዚህ ይሠራል። የተወሳሰበ ጉብጠት ወይም በተደጋጋሚ የተከፈተ ወገብ ያለበት ሰው የተሻለ መሣሪያ ፍለጋ ቢሄድ አልቃወምም። የእርስዎ ዓይነቱ ግን ለአገራችን ልምድ ያላቸው ሐኪሞች እንግዳ አይደለም፤ ውጭ ተሠርቶ የተመለሰ በሽተኛ ደግሞ ከወር በኋላ ችግር ሲገጥመው የሠራው ሐኪም አጠገቡ የለም። ከሄዱም የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ፣ የብሎኖቹን ዓይነትና መጠን የያዘውን ወረቀትና ምስሎቹን በሙሉ ሳይዙ አይመለሱ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነም ያቁሙ፤ ትንባሆ አጥንቱ እንዳይጋጠም ያደርጋል፤ ያልተጋጠመ አጥንት ደግሞ ብሎን አላልቶ ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይዳርጋል፤ ሁለተኛው ለነርቭ ከመጀመሪያው ይልቅ አስጊ ነው።

ጥያቄ፦ በቅርቡ የወገብ ቀዶ ሕክምና ይደረግልኛል። ሆስፒታሉ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ነርቮቼን በመሣሪያ የሚከታተል ባለሙያ እንደሚኖር ነግሮኝ ፈርሜያለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን በደንብ አልገባኝም። ይህ ካለ ነርቭ አይጎዳም ማለት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አይደለም፤ ነገር ግን ጠቃሚ ረዳት ነው። እርስዎ በማደንዘዣ ከተኙ በኋላ በራስ ቆዳዎ፣ በእግርዎ ጡንቻዎችና በቁርጭምጭሚትዎ አካባቢ ቀጫጭን መርፌዎች ይደረጋሉ። በአንዱ ዘዴ ከቁርጭምጭሚት የተላከ ምት አንጎል መድረሱ ይለካል፤ በሌላው ከራስ ቅል ላይ የተላከ ምት እግርን ማንቀሳቀሱ ይታያል፤ በሦስተኛው ደግሞ ማንም ምት ሳይልክ የጡንቻዎቹ ዝምታ ይደመጣል። የነርቭ ሥር ሲነካ ወይም ሲወጠር የሱ ጡንቻ መንጫጫት ይጀምራል፤ ባለሙያው ይህን ሲያይ ለቀዶ ሐኪሙ ይነግረዋል፤ ሐኪሙም ቆም ብሎ የያዘውን ይለቃል። ለወገብ ነርቮች ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ሦስተኛው ነው።

መሣሪያው ትክክለኛ መልስ እንዲሰጥ የማደንዘዣ ሐኪሙ መተባበር ግድ ነው። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት እየሠራ ከሆነ ነርቭ ቢነካም ጡንቻው አይንጫጫም፤ ዝምታውም ሐሰተኛ ይሆናል። የሚተነፈሰው የማደንዘዣ ጋዝም ከራስ ወደ እግር የሚላከውን ምት ስለሚያደክም በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ማስተኛት ይመረጣል። እንዲህም ሆኖ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ይኖራል፤ በአንድ ምት በስለት የተቆረጠ ነርቭ ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ሊያልፍ ይችላል። የጎበጠ አከርካሪ በሚቀናበት ትልቅ ቀዶ ሕክምና የዚህ ክትትል ጥቅም በሰፊው የታወቀ ነው፤ ለቀላል የዲስክ ቀዶ ሕክምና ግን ጉዳት እንደሚቀንስ በደንብ ስላልተረጋገጠ ብዙ ሐኪሞች አይጠቀሙበትም። መሣሪያው ከመስፋፋቱ በፊት በፈረንሳይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1973 የተገለጸ ዘዴ ነበር፤ በሽተኛው በቀዶ ሕክምናው መሐል ለአፍታ እንዲነቃ ተደርጎ እግሩን እንዲያንቀሳቅስ ይታዘዛል። መሣሪያ በሌለበት ቦታ ዛሬም ይሠራበታል።

ስለ እርስዎ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝኛው ለዕለት ሥራዎ የሚበቃ ቢሆንም ለፈቃድ ውይይቱና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ላለው ምርመራ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። «መደንዘዝ»፣ «መዛል» እና «መውጋት» ለነርቭ ሐኪም የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ በሕመም ውስጥ ሆኖ በሁለተኛ ቋንቋ ለይቶ መናገር ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ወገቤን ከተሠራሁ አሥር ቀን ሆነኝ። የድሮው ሕመም ጠፍቷል፤ ነገር ግን የቀኝ ጭኔ የውጭው ጎን ደንዝዞ ያቃጥለኛል። ነርቤ ተቆርጦ ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የጉልበትዎ ኃይል ደህና ከሆነና ድንዛዜው በጭንዎ የውጭ ጎን ብቻ ከተወሰነ ምናልባት የተጎዳው የወገብዎ ነርቭ ላይሆን ይችላል። በሆድ ተኝቶ ለሰዓታት ሲቆይ ወደ ጭን ቆዳ የሚሄደው ነርቭ በዳሌ አጥንት ፊት ለፊት ሊጫን ይችላል፤ ይህ ስሜት እንጂ ጡንቻ የሚያዝ ነርቭ ስላልሆነ እግር አያደክምም፤ ባብዛኛውም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሻላል። ክርንና ጉልበት አካባቢ ያሉ ነርቮችም በተመሳሳይ መንገድ ሊጫኑ ስለሚችሉ ነው የማደንዘዣ ቡድኑ እነዚህን ቦታዎች በስፖንጅ የሚደግፈው። የሚያጠብቅ ቀበቶ አይልበሱ፤ የሠራዎት ሐኪምም በእጁ ይመርምርዎ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሰሞኑን የወገብ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። አጠገቡ የማድረው እኔ ነኝ። ምን ማየት አለብኝ? የልብ ሕመም ስላለበት ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም ይወስዳል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህታችን፣ ከመድኃኒቱ ልጀምር። አስፕሪን፣ ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬልና የመሳሰሉት ከቀዶ ሕክምና በኋላ በነርቮቹ ከረጢት ላይ ደም እንዲጠራቀም ሊያደርጉ ስለሚችሉ ብዙዎቹ ከቀናት በፊት ይቆማሉ። ነገር ግን ለልቡ የታዘዙ ስለሆኑ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፤ የልብ ሐኪሙና ቀዶ ሐኪሙ ተነጋግረው የሚቆምበትንና የሚጀመርበትን ቀን በጽሑፍ ይስጧችሁ። የቤት ውስጥ መድኃኒትና ከፋርማሲ ያለ ትዕዛዝ የሚገዛ የሕመም ማስታገሻም ካለ ሳትደብቁ ተናገሩ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት የሚጠራቀም ደም ጤነኛ የነበሩ ነርቮችን ሊጫን ይችላል፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ አንድም ነርቭ ሳይነካ በዚህ ምክንያት ብቻ ጉዳት የሚደርስበት ሰው አለ። ስለዚህ ባለቤትዎ ሲነቃ ሁለቱንም እግሮቹን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይና ወደ ታች እንዲያንቀሳቅስ፣ አውራ ጣቶቹን እንዲያነሳ ያድርጉ፤ ሌሊቱንም በየጥቂት ሰዓቱ ይድገሙት። በፊት ሲያነሳ የነበረውን እግር ማንሳት ካቃተው፣ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ እየባሰ ከሄደ፣ በመቀመጫውና በብልቱ አካባቢ ስሜት ካጣ፣ ፊኛው ሞልቶ ሽንት እንቢ ካለው ወይም ሳያውቀው ካመለጠው እስኪነጋ አይጠብቁ። የሽንት ቱቦ ከተደረገለት ይህ ምልክት ስለሚደበቅ የመቀመጫውን ስሜት በጣትዎ እየነኩ መጠየቅዎ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ነርሷን ጠርተው ያዩትን ለውጥና ያዩበትን ሰዓት ይንገሯት፤ ተረኛው ሐኪም መጥቶ እንዲመረምረውም ይጠይቁ። ነርሷ «ማደንዘዣው ገና ስላልለቀቀው ነው» ብትልዎት መጀመሪያ ሲነቃ እግሩን አንስቶ እንደነበረና ድክመቱ ከዚያ በኋላ የመጣ መሆኑን ይግለጹላት፤ አንዴ ተመልሶ የነበረ ኃይል ሲጠፋ ምክንያቱ ማደንዘዣ ነው ተብሎ አይታለፍም። በዚህ ጊዜ አስቸኳይ ኤምአርአይ ይነሳል፤ ኤምአርአይ በቅርብ ከሌለና ምልክቱ ግልጽ ከሆነም ቀዶ ሐኪሙ ምስል ሳይጠብቅ ቁስሉን ከፍቶ ደሙን ሊያወጣ ይችላል። ባለቤትዎ የሚተኛበት ሆስፒታል ሌሊት የቀዶ ሕክምና ቡድን ማሰባሰብ የሚችል መሆኑንና ቀዶ ሐኪሙ በምን ስልክ እንደሚገኝ ከመተኛቱ አስቀድመው ጠይቀው በወረቀት ይያዙ።